“ሀሳቤን ስመለከተው ይብስብኛል” ላለችኝ እህት

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ብሎ ሲቀርብ ይህን ይመስላል።

“ጤና ይስጥልኝ። 29 ዓመቴ ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። የምኖረው አዘዞ ነው። ከአምስት ወር በፊት ሒሳብ ስዘጋ 4,000 ብር ጎደለብኝ። ከኪሴ ከፍዬ ጨረስኩ። ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ‘ነገም ይጎድልብሻል’፣ ‘አንቺ ለዚህ ሥራ አትሆኚም’ የሚል ነገር ቀኑን ሙሉ ይመላለስብኛል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብንን እልና እስኪነጋ እገላበጣለሁ። ጓደኛዬ ስለ ማይንድፉልነስ (አሁን የሚሆነውን ሳይፈርዱ የማስተዋል ልምምድ) ነገረችኝ። ስልኬ ላይ እየሰማሁ ሞከርኩ። ‘ሀሳብሽ እንደ ደመና ሲያልፍ ተመልከቺው’ ይላል። እኔ ስመለከተው ግን አያልፍም፤ እንዲያውም ይብስብኛል። ከሀሳብ መለየት በእውነት ይቻላል? ደግሞስ ኦርቶዶክስ ነኝና ከእምነቴ ጋር አይጋጭም?”

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ይህን አምስት ወር ለብቻ መሸከም ከባድ ነው።

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ቃል ላይ ዐይኔ ቆመ። “አያልፍም” ብለሻል። እንዲህ ካልሽ ሀሳቡን እያየሽው አልነበረም ማለት ነው። እስኪሄድልሽ እየጠበቅሽው ነበር። የቸኮለ ሰው ታክሲ ሲጠብቅ መንገዱን አያይም፤ ሰዓቱን ነው የሚያየው። አንቺም ሰዓት ስታዪ ነበር። “ሄደ? አልሄደም? አሁንስ?” እያልሽ በየደቂቃው ስትፈትሺ ሀሳቡን ራስሽ ትጠሪዋለሽ። መሄዱን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ማስታወስ ግድ ነዋ።

ይህን እንደ ድክመት አትዪው። የሰው ጭንቅላት አሠራሩ እንዲህ ነው። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የስነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሙከራ ሰዎችን ክፍል ውስጥ አስቀመጠ። “ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ፤ ካሰባችሁ ግን ደወሉን ምቱ” አላቸው። ደወሉ በደቂቃ ከአንድ ጊዜ በላይ ይጮህ ነበር። ይበልጥ የሚገርመው የተከተለው ነው። ኋላ ላይ “አሁን ስለ ድቡ አስቡ” ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች የበለጠ አሰቡ። ታፍኖ የቆየው ሀሳብ በርትቶ ተመለሰ። ስልክሽ ላይ ያለው ድምፅ “ተመልከቺው” ሲልሽ አንቺ “አባርሪው” ብለሽ ሰማሽ። ብዙ ታካሚዎቼ እንዲሁ ነው የሚጀምሩት። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ነበር የጀመርኩት።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ፣ አዎ፣ ይቻላል። ግን መለየት ማለት ሀሳቡ ጠፍቶልሽ መቀመጥ ማለት አይደለም። ሀሳቡ እዚያው ሆኖ፣ እያወራሽም ቢሆን፣ አንቺ የያዝሽውን መሥራት ስትችዪ ነው ተለየሽ የሚባለው።

ማይንድፉልነስን አንዳንዱ ንቁነት ይለዋል፤ ሌላው አስተውሎት ይለዋል። እኔ “ልብ ማለት” እለዋለሁ። አማርኛችን ደግሞ ስለዚህ ጉዳይ ከምናስበው በላይ ያውቃል። “ሀሳብ መጣብኝ” እንላለን። “ዝናብ መጣብኝ”፣ “እንግዳ መጣብኝ” እንደምንለው ማለት ነው። “ዝናብ ነኝ” የሚል ሰው የለም። ዝናቡ የመጣ ነገር ነው፤ አንቺ ደግሞ የመጣብሽ ሰው ነሽ። ሁለት ናችሁ። “ለዚህ ሥራ አልሆንም” ብለሽ ስትቆሚ ግን ሁለትነቱ ይጠፋል። አንቺና ሀሳቡ ትጣበቃላችሁ። የቀረሽ ነገር ቢኖር ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ ነው።

ዐረፍተ ነገሩ ሲሞላ እንዲህ ነው፦ “ለዚህ ሥራ አልሆንም የሚል ሀሳብ መጣብኝ።”

ትምህርት ቤት እንደተማርነው አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። እኛ በጭንቀት ጊዜ ማሰሪያው ላይ ሳንደርስ እንቆማለን። “ነገም ይጎድልብኛል” ብለን መንቀጥቀጥ እንጀምራለን። “የሚል ሀሳብ መጣብኝ” የሚሉትን ሦስት ቃላት ጨምሪባቸው። በልብሽ ቀስ ብለሽ በያቸው። ስቲቨን ሄይስ የተባለ አሜሪካዊ የስነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር ባዳበረው የምክር ሕክምና ውስጥ ይህ ዋና ልምምድ ነው። ሀሳቡ እውነት ነው ወይስ ውሸት ብለሽ አትከራከሪውም። ሀሳብ መሆኑን ብቻ ታውቂለታለሽ።

ክርክሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸነፈው። “ነገም ይጎድልብሻል” ሲልሽ “አይጎድልብኝም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዴ ብቻ ነው የጎደለብኝ” ብለሽ ትመልሺለታለሽ። እሱም “አንዴ የጎደለበት ሁለቴ አይጎድልበትም?” ይልሻል። ደግሞ ትመልሻለሽ። እንዲህ እንዲህ እያልሽ 9 ሰዓት የጀመረው ወሬ 11 ሰዓት ይሆናል። በዚህ ክርክር ያሸነፈ ታካሚ ገጥሞኝ አያውቅም። ተከራካሪዎቹ ሁለቱም አንቺው ነሻ።

አንድ ነገር ላሳይሽ። ከሥራ ወጥተሽ ማታ ፒያሳ ታክሲ መያዣው ላይ ቆመሻል እንበል። አንዱ ረዳት “አዘዞ! አዘዞ! ሁለት ሰው!” ይላል። ሌላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ “ቀበሌ 18! ቀበሌ 18! የሞላ!” ይላል። አንቺ የምትሄጂው አዘዞ ነው። የቀበሌ 18ቱን ረዳት ምን ታደርጊዋለሽ? አትቆጪውም። “ለምን ቀበሌ 18 ትላለህ?” ብለሽ አትከራከሪውም። ጆሮሽንም አትደፍኚም። ጩኸቱ ጥርት ብሎ ይሰማሻል። ግን አትሳፈሪም። እሱ መጥራት ሥራው ነው። አንቺ ደግሞ የምትሄጂበትን ታውቂያለሽ።

ሀሳብሽ ረዳት ነው። መጥራት ሥራው ነው። አንዳንዱ ድምፁ ከሌላው ይጎላል፤ ክንድ ይዞ የሚጎትትም አለ። ድምፁ ስለጎላ ግን መንገድሽ እሱ ጋ ነው ማለት አይደለም።

መቼም ሳናውቀው ተሳፍረን የምንገኝበት ጊዜ አለ። ይሄ ሁሉም ላይ ይደርሳል። “ነገም ይጎድልብሻል” የሚለው ላይ ትወጫለሽ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሥራ ተባረሻል፤ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቶሻል፤ ዕቃሽን ጭነሽ እናትሽ ቤት ገብተሻል። ይህን ሁሉ ስትጓዢ እጅሽ ላይ ያለው ሻይ በርዷል። እንደነቃሽ የምትዪው አንድ ነገር ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ በየቀኑ የምትዪው ነው። “ወራጅ አለ።”

በቃ። ትወርጃለሽ። “ለምን ተሳፈርኩ? አሁንም? እኔ መቼም አይሆንልኝም” ማለት ከአንዱ ታክሲ ወርዶ ሌላው ላይ መውጣት ነው። እሱንም ካገኘሽው “ወራጅ አለ”። ከዚያ በእግርሽ ወደነበርሽበት ትመለሻለሽ። የነበርሽበት ማለት እጅሽ ላይ ያለው ብርጭቆ ነው፣ ወለሉን የረገጠው እግርሽ ነው፣ ፊት ለፊትሽ ቆሞ የሚያወራሽ ሰው ነው። አሥር ጊዜ ብትሳፈሪ አሥር ጊዜ ውረጂ። ልምምዱ ራሱ መውረዱ ነው። ያልተሳፈሩበትን ቀን እንደ ጥሩ ቀን፣ የተሳፈሩበትን እንደ ውድቀት የሚቆጥሩ ሰዎች ቶሎ ይተዉታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በስልካቸው ድንገት እየጠየቁ “አሁን የያዝከው ሥራ ላይ ነህ ወይስ ልብህ ሌላ ቦታ ነው?” ብለው ነበር። ወደ 47 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ከግማሽ የማይተናነስ ማለት ነው። ልብ መሄዱ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው።

አሁን ወደ መስኮትሽ እንሂድ። የባንክ ሥራ ለዚህ ልምምድ ጥሩ ቦታ ነው፤ እጅሽ የሚይዘው ነገር አለው። አንድ እስር ብር አንሺ። ወረቀቱ አዲስ ከሆነ ጠርዙ ጣት ይቆርጣል፣ ያረጀ ከሆነ እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል። አውራ ጣትሽ ሲገፋው ሹክ ሹክ ይላል። ሃያ ሦስት ላይ ስትደርሺ “ያን ቀንም እንዲሁ ነበር የቆጠርሽው” የሚል መጣ እንበል። “የሚል ሀሳብ መጣብኝ።” ጣትሽ ላይ ተመለሺ። ሃያ አራት። ቁጥሩ ከጠፋብሽ እስሩን ከመጀመሪያው ቁጠሪ፤ ይህ ሥራሽ ነው። ቁጥሩ ሳይጠፋብሽ፣ በትክክል ጨርሰሽ፣ “ምናልባት” ብለሽ ለአራተኛ ጊዜ የምትቆጥሪ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሌላ አጭር ልምምድ ልጨምርልሽ። መጀመሪያ ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ቤት ብቻሽን ስትሆኚ “ጉድለት” የሚለውን ቃል ድምፅ አውጥተሽ፣ በፍጥነት፣ ለ30 ሰከንድ ያህል ደጋግመሽ በዪው። ጉድለት ጉድለት ጉድለት ጉድለት። መጀመሪያ ሆድሽ ይሸበራል። ቆይቶ ትርጉሙ እየተነነ ይሄድና ምላስና ጥርስ ብቻ ይቀራል። ኤድዋርድ ቲችነር የተባለ የስነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1916 “ወተት” በሚለው ቃል ያሳየው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ሄይስና ባልደረቦቹ ሰዎች ራሳቸውን በሚያጣጥሉበት ቃል ላይ ሞከሩት። ቃሉ የሚያሳምመው ነገር ቀነሰ፤ የሚታመንበት መጠንም ቀነሰ። 4,000 ብሩ አልጎደለም ነበር እያልኩሽ አይደለም። ጎድሎ ነበር፤ ከፍለሻል፤ አልቋል። አሁን የሚያንቀጠቅጥሽ ቃሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድትለዪ እፈልጋለሁ። ሀሳብ ሁሉ ወሬ አይደለም። እውነተኛ መልእክት ይዞ የሚመጣም አለ። እኔ የምለይበት ጥያቄ ቀላል ነው። “ዛሬ ወይም ነገ በእጄ የማደርገው ነገር አለ?” ካለ ወረቀት ላይ ይጻፍና ይደረግ። ለምሳሌ ወረፋ በበዛበት ሰዓት ትልልቅ ክፍያዎችን ሌላ ባልደረባ ደግማ እንድታይልሽ አለቃሽን መጠየቅ ትችያለሽ። በቀን መሃል አንዴ ሒሳብሽን ማመሳከርም ይቻላል። እነዚህ የሚሠሩ ነገሮች ናቸው። የሚሠራ ነገር ከሌለው ግን እየተብሰለሰልሽ ነው። መብሰልሰል የሚለው ቃል ራሱ ይነግርሻል። ሽንኩርት ሲቁላላ መጠን አለው። ከዚያ በኋላ እሳቱ ላይ ቢቆይ ያርራል እንጂ ወጥ አይጨምርም። የሌሊት 9 ሰዓቱ ሀሳብ አብዛኛው ያረረ ነው።

ስለ ሌሊቱ። ብንን ስትዪ ስልክሽን አትንኪ። ሰዓትም አትዪ። ሒሳብ መሥራት ትጀምሪያለሽና፤ “ሁለት ሰዓት ከተኛሁ፣ አንድ ሰዓት ከተኛሁ” እያልሽ። ጎንደር ውስጥ በዚያ ሰዓት ዝም ያለ ሰፈር አይገኝም። ከአንዱ ቤተክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሰዓታት ይሰማል። ውሻ ይጮሃል። ከሩቅ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ ያቃስታል። አንዱን ምረጪና ስሚው። ለመተኛት ብለሽ አትስሚ፤ ለመስማት ብለሽ ስሚ። ከዚያ የብርድ ልብሱ ክብደት እግርሽ ላይ የት ጋ እንደሚሰማሽ ልብ በይ። ከሀያ ደቂቃ በላይ የቆየሽ ከመሰለሽ ተነሺ፤ ደብዘዝ ባለ መብራት ቁጭ ብለሽ ልብስ እጠፊ። እንቅልፍሽ ሲመጣ ተመለሺ። አልጋሽ የሀሳብ ቢሮ እንዳይሆን ነው።

ወደ እምነትሽ ልምጣ። እውነቱን መስማት መብትሽ ነው። የልምምዱ ሥር የቡድሂዝም ተመስጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባለ ሰው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ከሃይማኖት ለይቶ፣ ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው ታካሚዎች የሚሰጥ ሥልጠና አደረገው። ኋላ ሲጋል፣ ዊሊያምስና ቲዝዴል የተባሉ ሦስት ባለሙያዎች ለድብርት አስተካከሉት። እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ድብርት ይዟቸው በዳኑ ሰዎች ላይ ሕመሙ የመመለስ ዕድሉ ከ66 በመቶ ወደ 37 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ሁለት ጊዜ ብቻ በታመሙት ላይ ግን ጥቅሙ አልታየም። ይህን የምነግርሽ ለሁሉም ሰው የሚሆን መድኃኒት አድርገሽ እንዳትወስጂው ነው።

እኔ የምሰጥሽ ልምምድ ውስጥ የምትደግሚው የባዕድ ቃል የለም። የምታመልኪው ነገርም የለም። የትኩረት ልምምድ ነው። አንቺም ሳታውቂው ታደርጊዋለሽ። ቅዳሴ ቆመሽ ልብሽ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ሽንኩርት ሲገዛ ያገኘሽበት ቀን የለም? ምን አደረግሽ? መልሰሽ አመጣሽው። ያ መመለስ ነው እኔ የምልሽ። የግብጽ በረሃ መነኮሳትም በ4ኛው መቶ ዓመት ሀሳብ ሲመጣ ወዲያው ከመቀበል በፊት ቆሞ ማየትን ያስተምሩ ነበር። ያም ሆኖ ልብሽ ከከበደው ለንስሐ አባትሽ የምታደርጊውን በግልጽ ንገሪያቸው። ድምፁ ከስልክ ከሚመጣ ነገር ይልቅ ጸሎት ይቀለኛል ካልሽም በጸሎት መካከል ሀሳብ ሲወስድሽ በዚያው “ወራጅ አለ” ብለሽ መመለስ ትችያለሽ። ልምምዱ ያው ነው።

አሁን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ ያልኩት። ደስ የማይል ሀሳብ ሳይጠሩት መምጣቱ ጤነኛ ሰው ላይም አለ። ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት ምንም የአእምሮ ሕመም ከሌለባቸው ሰዎች ከአሥሩ ስምንቱ ያህል እንዲህ ያለ ሀሳብ እንደሚመጣባቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ሀሳቡ መምጣቱ ብቻ አያስፈራሽ። ግን በትክክል የቆጠርሽውን ሳትደግሚ መቀመጥ ካቃተሽ፣ ቤት ከገባሽ በኋላም ለባልደረባሽ እየደወልሽ “ሒሳቤ ተዘግቷል አይደል?” የምትዪ ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ አንብበሽ ብቻ አትቅሪ። እንዲህ ደጋግሞ የመፈተሽ ችግር የራሱ ሕክምና አለው፤ ብዙ ሰውም ይሻለዋል። እንዲሁም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ምንም ነገር ካላስደሰተሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ መኖር ካስመረረሽ፣ ዛሬ ነገ አትበዪ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ጠበል የምትጠመቂ ከሆነ ተጠመቂ፤ ሕክምናውን ግን በዚያ ምክንያት አታስቀሪ።

አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ ለሌሎች አንባቢዎች። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ብዙ ሰው ሊያየው የማይገባውን አይቷል። እንዲህ ያለ ትዝታ ያለበት ሰው ዐይኑን ጨፍኖ “ሀሳቤን ልመልከት” ሲል ያየው ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። እናንተ ዐይናችሁን አትጨፍኑ። ቆማችሁ ወይም እየተራመዳችሁ፣ የውጭ ድምፅ እየሰማችሁ፣ ለአጭር ጊዜ አድርጉት። ከበዳችሁ ተዉት፤ ባለሙያ አጠገባችሁ ሲሆን ይደረጋል።

እህቴ፣ ላንቺ የመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ይሁን። ሌሊቱን ለጊዜው ተዪው፤ ከባዱ እሱ ነው። ስልክሽ ላይ ያለውን ድምፅም ለጊዜው ዝጊው። ጠዋት ከአዘዞ ፒያሳ እስክትደርሺ ባለው መንገድ ብቻ ሞክሪ። መስኮት አጠገብ ተቀመጪ። የመቀመጫውን ንዝረት፣ የሚገባውን ንፋስ፣ የሚወርድና የሚወጣውን ሰው ልብ በይ። ሀሳብ ሲጠራሽ ስሚው። ተሳፍረሽ ከተገኘሽ በልብሽ “ወራጅ አለ” በዪና መስኮቱ ላይ ተመለሺ። ስንት ጊዜ እንደወረድሽ አትቁጠሪ፤ ቀኑን ሙሉ ስትቆጥሪ ነው የምትውዪው። በሁለተኛው ሳምንት የባንኩ መስኮትሽ ላይ፣ ከመጀመሪያው ደንበኛ ጋር ብቻ ጨምሪው። በሦስተኛው ሌሊቱን እንሞክራለን። ያኔ እንዴት እንደሆነልሽ ጻፊልኝ፤ ካልሆነልሽም ጻፊልኝ።